የግድግዳው የውሃ ተራ

ነገሌ ቦረና
ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱረቲ ጉራቻ
ቡሌ ሆራ

ዱረቲዬ፣ አካም ነሽ? ናጋ? የድሮ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ግማሹን ወረቀት በሰላምታ ይጨርሰው ነበር። እኔ ብዙ የምነግርሽ ስላለኝ አሳጥረዋለሁ። ደህና ነን። አባትሽ ደህና ነው። ሚስጥርም ደህና ናት፤ አልጋሽን ወርሳ "እህቴ ስትመጣ መሬት ትተኛለች" ማለት ከጀመረች ሰነበተች። ሱቁም አለ። ቆርቆሮ የሚገዛ ጠፍቷል፣ ምስማሩም አቧራ ለብሷል፤ የሚሸጠው ጀሪካን ብቻ ነው። ሰማዩ ጠዋት ጠዋት ደመና ይሰበስብና ልባችንን ሰቅሎ ቀትር ላይ ይበትነዋል። እንዲህ ሆነን ነው ያለነው።

መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ካምፓስ ሳትገቢ ቡሌ ሆራ እንዳለሽ አውቃለሁ። ካምፓስ ገብቻለሁ፣ ዶርም ተሰጥቶኛል፣ ምግቡም ደህና ነው ያልሽኝን ሁሉ አምኜ ነበር። ያየሽ ዓብዱልሀኪም ነው፣ ሲሚንቶ የሚያመላልስልኝ ሹፌር። ቡና መጋዘን በር ላይ ቆመሽ ጆንያ ስታስመዝኚ አይቶሽ፣ ሰላም ሊልሽ ሲጠጋ ፈጥነሽ ወደ ውስጥ ገባሽ። እሱ ነገር አመላላሽ ሰው አይደለም። ሲሚንቶውን እያስወረደ "ዱረቲ ሥራ ያዘች እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም ፊቴን ሳላዞር "አዎ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ታስዋሺኛለሽ። ይሄን ደብዳቤም የላክሁት በእሱው እጅ ነውና አሁንም እንዳትሸሺው፤ ምስኪኑ ሰውዬ ምን አደረገሽ?

መደወል ስችል ለምን እንደጻፍኩ ታውቂዋለሽ። እኔና አንቺ ስልክ ላይ አይሆንልንም። አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ ዝምታሽን መታገስ ያቅተኝና ያገኘሁትን እናገራለሁ፣ ከዚያ "እማ ኔትወርክ የለም" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀቱን ግን ብትናደጂበት ታስቀምጪዋለሽ እንጂ አትዘጊውም። ንዴቱ ሲያልፍልሽ ደግሞ ታነሺዋለሽ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው የሥራ ልምምዱን የሚደግሙ ተማሪዎችን የሚመዘግበው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ። ዓመቱ ካለፈ ደግሞ እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ትቀሪያለሽ። የቡና ሥራ ነውር ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ሰው ሠርቶ ነው የሚያድረው። ግን አንቺ ስንት ወንድ ሁለቴ የወደቀበትን ስትራክቸር የሚባል ትምህርት ባንዴ ያለፍሽ ልጅ ነሽ። "ሲቪል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ" የሚለው ስም አፌ ላይ አልገባ ብሎ፣ ወጥ እያማሰልኩ ስንት ቀን አስደገምሽኝ። አሁን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳልሰናከል እናገረዋለሁ። ያን ሁሉ የለፋሁት እንዲሁ ሊቀር ነው? የምቀልድብሽ መሰለሽ እንጂ ፈርቻለሁ፣ ዱረቲ። እውነቱን ነው የምነግርሽ።

የሆነውን ነገር ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ነግሮኛል። አንቺ እያለቀስሽ፣ ኮንትራክተሩ ሽመልስ እየጮኸ፣ አጎትሽ ቦሩ ደግሞ እየሳቀ። አባትሽና ቦሩ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ፤ አንዱ ዝም ለማለት ሌላው ለመሳቅ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። እኔ ደግሞ ሦስታችሁም የነገራችሁኝን አገጣጥሜ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ።

ሽመልስ ሊበን ውስጥ፣ እነ ቦሩ ሰፈር አጠገብ፣ የአርማታ የውሃ ማጠራቀሚያ የመሥራቱን ጨረታ ሲያሸንፍ "ልጄ ኢንተርንሺፕ የምትሉት ልምምድ ደርሶባታል፣ ውሰዳት" ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ሲሚንቶውንም ፌሮውንም ከኔ ስለሚወስድ እንቢ ሊለኝ አልቻለም። አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር። አጎቴ ቤት እያደርኩ፣ በማውቀው አገር፣ ለማውቃቸው ሰዎች የሚሆን ነገር እሠራለሁ ብለሽ ሻንጣሽን የዘጋሽው እየዘፈንሽ ነው። ቢጫ ሄልሜት አድርገሽ የተነሳሽውን ፎቶ የላክሽ ቀን አባትሽ ስልኬን ተቀብሎኝ የቁም ከብት ገበያ ሄደና ለደላላ ሁሉ ሲያሳይ ዋለ። ይሄን አልነገርኩሽም ነበር። ሲመለስ "በሬ የሚገዛ አልነበረም" ብቻ ነው ያለኝ።

የግድግዳው አርማታ ሲሞላ አንድም እንከን አልነበረውም፤ ሽመልስ ራሱ በጩኸቱ መሃል ይሄን አልካደም። አርማታውን የያዘው የጣውላ ፎርም እንደተነሳ ግን የሥራው ኃላፊ ፎርማኑ ሰው ሞቶበት ወደ ነገሌ መጣ፤ አንቺን "ጠዋት ማታ ውሃ አጠጪው፣ ጆንያው እንዳይደርቅ" ብሎሽ ሄደ። ይሄን ይሄን እኔም ሱቄ ተቀምጬ አውቀዋለሁ፣ ሲሚንቶ ለሚገዛኝ ሁሉ እናገረዋለሁ። ትኩስ አርማታ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ በዚያ ፀሐይና በዚያ ንፋስ ይሰነጠቃል። ሽመልስ ቦቴ ሙሉ ውሃ የሚልክልሽ ለዚህ ነበር።

እዚያ አገር ደግሞ ውሃ የጫነ መኪና ተደብቆ አይገባም። ከብቶቹ የቦቴውን ድምፅ ከሌላው መኪና ለይተው ያውቁታል። መሄድ የሚችለው ተከትሎት ይመጣል፣ መሄድ ያቃተው በተኛበት አንገቱን ያዞራል። የቦሩ ሚስት ፋይዳ ከብቶቿን ነድታ መጣች። አልለመነችሽም፤ ሦስታችሁም ያልተለያያችሁበት አንዱ ነገር ይሄ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆማ "ናጋ" አለችሽ። የሰዉን ደህንነት፣ የሥራውን ደህንነት፣ የነገሌን ደህንነት ጠየቀችሽ፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ሌሎቹም እየመጡ እንደዚሁ ሰላምታ ሰጥተው ቆሙ። ውሃ ያለበት ደርሶ የቆመን ከብት መመለስ እዚያ አይታሰብም። ሁለት የተጣሉ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ከብት ከውሃ አይከለክልም። አንቺ ደግሞ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያ ሰፈር ጥጃ ስትጠብቂ ያደግሽ ልጅ ነሽ።

የቦቴውን ቧንቧ ከፈትሽ። የመጀመሪያው ቀን ለግድግዳው አስቀርተሽ ነበር። በማግስቱ ወሬውን የሰማ ሁሉ መጣ፣ የሚቀር ነገርም አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ቦቴም እንዲሁ ሆነ። ፎርማኑ ሲመለስ ጆንያዎቹ ግድግዳው ላይ ደርቀው ይንኮሻኮሹ ነበር። አንቺም ሳትጠየቂ የሆነውን ሁሉ ነገርሽው። ኋላ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ ሲሞከር ግድግዳው መጀመሪያ እንደ ላብ ወዛ፣ ከዚያ ከስንጥቁ መውረድ ጀመረ። ያ ወገን ይፍረስና እንደገና ይሠራ ተባለ። ሽመልስ የሆነውን እንዳለ ለዩኒቨርሲቲሽ ጻፈ፣ አንቺም በሪፖርትሽ ላይ እንዳለ ጻፍሽው። መምህሮችሽ ክፉ አልሆኑብሽም። ልምምዱን ድገሚው አሉሽ እንጂ ውጪ አላሉሽም።

ያን ሰሞን እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። "እማ፣ ነገም ቢመጡ እከፍትላቸዋለሁ። እንደኔ ዓይነት ሰው መሐንዲስ መሆን የለበትም" አልሽኝ።

 እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ያልኩሽን አልደግመውም። አባትሽ ከውስጥ ሆኖ "ተያት" አለኝ። ጣሪያ ቢያፈስም ተያት፣ ሚስጥር ብትታመም ተያት፣ የሱ መድኃኒት ይሄው አንድ ነው። ከዚያ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ካምፓስ ልሂድ ብለሽ ወጣሽ። እኔ ያቺን ቃልሽን ይዣት ቀረሁ። ምስማር እየመዘንኩ አስባታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አስባታለሁ። አንዳንድ ቀን እውነቷን ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንዲህ የምትል ልጅ ስላስተማርኩ ራሴን እሰድባለሁ።

ባለፈው ወር ሽመልስ ለፈረሰው ግድግዳ ሲሚንቶ ሊገዛ መጣ። እንደ በፊቱ አልጮኸም። ወንበር ሰጠሁት፣ ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጥቶ ሲያበቃ ስላንቺ ጠየቀኝ። ልትተወው ነው አልኩት። ደነገጠ። "ደመቀች፣ እኔ እኮ እዚሁ ቦረና፣ ሜጋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። በመክፈቷ አይደለም የተቆጣሁት" አለኝ። "የቦቴው ሹፌር መጥቶ ሲሄድ አንድ ቃል ብትልክብኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ውሃው ለከብት ሄደ፣ ሌላ ጨምር ብትለኝ ከየትም ፈልጌ አመጣላት ነበር። ዝም አለችኝ። እኔን ያቃጠለኝ ዝምታዋ ነው።"

እሱ ከሄደ በኋላ ደንበኛ ሲመጣም አላየሁም። ዱረቲ፣ ልብሽ ምንም አላጠፋም። ቧንቧውን ስትከፍቺ ልክ ነበርሽ። ያጠፋሽው ከከፈትሽ በኋላ ብቻሽን ተሸክመሽ ዝም ማለትሽ ነው። ግድግዳው ምናልባት ይችለው ይሆናል ብለሽ ተስፋ እያደረግሽ ዝም አልሽ። እሱን የወረስሽው ከማን እንደሆነ እዚህ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። አሁንም ቡሌ ሆራ ተቀምጠሽ የምታደርጊው ያንኑ ነው። ተቸገርኩ አላልሽም፣ አፈርኩ አላልሽም፣ ዶርም ተሰጠኝ አልሽ እንጂ።

ይሄን ይዤ ቁጭ ማለት አቃተኝና ባለፈው ሳምንት ሱቁን ለሚስጥር ትቼ፣ ዓብዱልሀኪም ለጣሪያው የቀረውን ሲሚንቶ ሲያደርስ ከጎኑ ተቀምጬ ሊበን ሄድኩ። ግድግዳውን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። መንገድ ላይ ያየሁትን አልነግርሽም፣ ብታውቂው አይጠቅምሽም። ጎጆዎቹ ክዳን የላቸውም፤ ሣሩን ነቅለው ለከብት አብልተውታል፣ እንጨቱ ብቻ ነው የቀረው። ዓብዱልሀኪም ጨዋታ የሚወድ ሰው ሆኖ እንኳ እዚያ አካባቢ ስንደርስ ራዲዮኑን ዘጋው።

ስንደርስ የእርዳታ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ቆሟል። ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ዙሪያውን ቆሟል፣ ግፊያም ጩኸትም የለም። ዳቦ ቤት በር ላይ እርስ በርስ ለምንረጋገጥ ለኛ ለከተሜዎቹ ያስቀናል። ተራ የሚያወጣው ሽማግሌ፣ አባ ሄረጋ የሚሉት፣ ዱላውን ተደግፎ የባለከብቶቹን ስም ይጠራል። "የጃርሶ" አለ፣ የጃርሶ ከብቶች ሄደው ጠጡ። "የጎዳና" አለ፣ እነሱም ጠጡ። ከዚያ "የዱረቲ" አለ።

ስምሽን እዚያ መሃል ስሰማ ደነገጥኩ። ሌላ ዱረቲ አለች ማለት ነው ብዬ የምትመጣውን ሴት በዓይኔ ፈለግኩ። የሚመጣ ከብት አልነበረም። ፋይዳና አንዲት ሌላ ሴት ጀሪካናቸውን ሞሉ፣ አዘሉና ወደ ግድግዳው ሄዱ። አዲሱ ግድግዳ ተሞልቶ ፎርሙ ተነስቷል፣ ጆንያ ለብሷል። እነሱ በጣሳ እየቀዱ ጆንያውን ከላይ እስከ ታች አራሱት፣ መሬት ላይ ጠብታ እንዳይወርድ በመዳፋቸው እየደገፉ። ቆመው የሚጠብቁት ላሞች ያዩአቸዋል፣ ባለላሞቹም ያዩአቸዋል። ሲጨርሱ ሽማግሌው የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ቦሩን እጁን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኩትና ይሄ ምንድነው አልኩት። የነገረኝ እንዲህ ነው። የሽመልስ ቦቴ ናፍጣ ጠፍቶ ማደያ ሰልፍ ላይ ሲውል፣ አዲሱ ግድግዳ እንደ መጀመሪያው ሊደርቅ ሆነ። ሽማግሎቹ ተሰብስበው ከእርዳታው ውሃ ለግድግዳውም እንደ አንድ መንጋ ተራ ይሰጠው ተባባሉ። በቀላሉ አልተስማሙም። ድንጋይ ሊጠጣ ከብት ሊጠማ ነው ወይ ብሎ ተነስቶ የሄደም አለ። "የመጀመሪያውን ግድግዳ ውሃ የጠጡት የኛው ከብቶች ናቸው" የሚለው ቃል ነው በመጨረሻ ያሸነፈው። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ እዚያ ተራ ያለ ባለቤት ስም አይጠራም። የመንግሥት እንበለው ቢሉ፣ የሽመልስ እንበለው ቢሉ ሽማግሌው እንቢ አለ፤ እነሱ እዚህ መጥተው ሰላምታ ያልሰጡኝ ሰዎች ናቸው አለ። "የዱረቲ በሉት" ያለው ቦሩ ነው።

"ልጅቱ ከፈተችልን፣ አሁን እሷ ትጠጣ" አለኝ፣ እንደ ልማዱ እየሳቀ። እኔ ግን ከዓብዱልሀኪም መኪና ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። በኋላ ነጠላዬን አስተካክዬ ተመለስኩ።

አሁን ያንን በረንዳ ላይ ያልሽኝን ልመልስልሽ። ዘግይቻለሁ፣ ግን መልሱን አሁን ነው ያገኘሁት። ነገም ቢመጡ ክፈቺላቸው፣ ማን አትክፈቺ አለሽ? ግን ሥራውን ስታቅጂ፣ ለአርማታው ይሄን ያህል ውሃ፣ ለግድግዳው ይሄን ያህል ብለሽ ስትጽፊ፣ ለከብቱም ብለሽ ጨምሪበት። ከመጀመሪያው ጻፊው፣ ሰው እስኪቆምብሽ አትጠብቂ። እኔ የምስማር ነጋዴ ነኝ፣ የእናንተን ስሌት አላውቅም። ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ሲሚንቶ ስንት ኩንታል እንደሚበቃው ይጠይቀኛል፤ ውሃው ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። መጽሐፋችሁን የጻፈው ሰውዬም ሲሠራ ከአጥሩ ውጭ ከብት ቆሞበት አያውቅ ይሆናል። አንቺ ቆሞብሻል። አንቺ ብትቀሪ እኮ ሌላ መሐንዲስ ይመጣል፣ ቦታው ባዶ አይቀርም። እሱ ከብቱን በዘበኛ አስባርሮ ግድግዳውን ያሳምረው ይሆናል። ሁለቱም ነገር የሚያንገበግባት ልጅ ግን ቡሌ ሆራ ጆንያ ታስመዝናለች።

ልምምዱን የት እንደምትደግሚው ሽመልስን ጠይቄዋለሁ። ወደ ቀድሞው ሥራዋ ከመጣች እቀበላታለሁ ብሏል፤ ጣሪያው ገና አልተሞላም። ይሄን ለማስገደድ አይደለም የምነግርሽ። ሌላ ቦታ ከመረጥሽም ምረጪ፣ ብቻ ተመዝገቢ።

አባትሽን ምን ልጻፍልህ ብዬው ነበር። የከብት ገበያ መሄድ ትቷል፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። "ተያት፣ ራሷ ትሄዳለች በያት" አለኝ። ከሱ ይሄን ያህል ቃል መውጣቱ ለኔም ገርሞኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እዚያ አዲስ ተራ አይፈጠርም። ውሃው የተለካ ነው፣ አንድ ባለከብት ካልለቀቀ ሌላ አይገባም። አሁን "የዱረቲ" ተብሎ የሚጠራው ከዚህ በፊት የማን ተራ እንደነበር ቦሩን ጠየቅኩት። "የኔ" አለኝ። ለምን ለቀቅክ አላልኩትም። ወደ ቤታቸው ስንሄድ በበረቱ በኩል ነው ያለፍነው። በሩን የሚዘጉበት እሾህ ወደ ጎን ተጥሏል፣ መሬቱ ላይ የነበረው እበት ደርቆ አመድ ሆኗል። ፋይዳ ወደዚያ ሳታይ አለፈች፣ እኔም እንደሷ አለፍኩ።

ቦሩ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። በሩን ከዘጋሁት በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ላሞቹ ደህና ናቸው በያት" አለኝ። እሱ ብሎኛልና ይኸው ነገርኩሽ።

ልጄ፣ ወላዲተ አምላክ ከፊትሽ ትቅደም። የአባትሽ አገር ሰዎች እንደሚሉትም ዋቃ መንገድሽን ያርጥበው። ስትመዘገቢ ደውዪልኝ፣ ዝም ብትዪም ግድ የለም፣ አልቆጣም። ናፍቀሽኛል።

እናትሽ
ደመቀች